ከጠጣሁ በኋላ ሽንቴ ለምን ያመልጠኛል?

ጥያቄው፦ «ዕድሜዬ 34 ነው፣ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አርብና ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሐይቁ ዳር እንወጣና አምስት ስድስት ቢራ እጠጣለሁ። አንዳንዴ ጫት ቅመን ከዋልን በኋላ ለጨብሲ ነው የምንጠጣው። የመጀመሪያውን ሽንት ለረጅም ሰዓት እይዘዋለሁ። አንዴ ከሸናሁ ግን ቧንቧው ተከፈተ ማለት ነው፣ በየሃያ ደቂቃው እመላለሳለሁ። ያ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ባለፉት ሦስት ወራት ሁለት ጊዜ አልጋ ላይ ሸንቻለሁ፣ ባለቤቴ አጠገቤ ተኝታ። እሷ ብርድ መቶህ ነው ትላለች። ጓደኞቼ ደግሞ ቢራ ኩላሊት ስለሚያጥብ ነው፣ ጥሩ ነው ይሉኛል። ልጅ ሆኜ ጣና ውስጥ እየዋኘሁ ነው ያደግኩት፤ ቢልሃርዝያ ይሆን? የሚያቆምልኝ ኪኒን አለ?»

ብርድ አይደለም። ቢልሃርዝያም አይመስለኝም፤ ለምን እንደሆነ ታች እነግርሃለሁ። ኩላሊትህም እየታጠበ አይደለም። በሁለቱም ሌሊት የሆነው አንድ ነው። ኩላሊትህ ከወትሮው አብዝቶ ሽንት አመረተ፣ ፊኛህ ጢም ብሎ ሞላ፣ አንተ ደግሞ «ተነሣ» የሚለውን ጥሪ በማትሰማበት እንቅልፍ ውስጥ ነበርክ። ሦስቱንም ያመጣው መጠጡ ነው። ጫቱ ደግሞ አባብሶታል፣ እሱንም እንመጣበታለን።

ከኩላሊት ልጀምር። አንጎላችን ሥር አተር የምታህል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች። ቫሶፕሬሲን የሚባለው ሆርሞን ወደ ደም የሚለቀቀው ከሷ ነው። ይህ ሆርሞን ኩላሊት ያጣራውን ውሃ መልሶ ወደ ደም እንዲያስገባ ያደርጋል። ሌሊት ስድስት ሰባት ሰዓት ሳንነሣ የምንተኛውም በአብዛኛው በሱ ምክንያት ነው። አልኮል ይህን ሆርሞን ያፍነዋል። ሆርሞኑ ሲቀንስ ኩላሊት ውሃውን መመለሱን ይተውና ወደ ፊኛ ይለቀዋል።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቢራ፣ አልኮሉ 5 በመቶ ከሆነ፣ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው። በግምት አንድ ግራም አልኮል 10 ሚሊ ሊትር ያህል ተጨማሪ ሽንት ያስወጣል። ስድስት ቢራ ስትጠጣ ወደ 2 ሊትር ፈሳሽ አስገብተሃል፣ አልኮሉ ደግሞ ከራስህ ሰውነት ውሃ ላይ እስከ 800 ሚሊ ሊትር ሊጨምርበት ይችላል። የአዋቂ ሰው ፊኛ ሳይጨነቅ የሚይዘው ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ነው። እንግዲህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቢራዎች ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ጨርሰህ ስድስት ተኩል ላይ ተኛህ እንበል። ከነዚህ ከሁለቱ ብቻ ወደ 900 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ሽንት ሊመጣብህ ነው። ፊኛህን ሁለት ጊዜ ይሞላዋል።

«ቧንቧው ተከፈተ» የምትለውን ብዙ ሰው ያምነዋል፣ ስለዚህም የመጀመሪያውን ሽንት ይይዛል። ምንም የሚከፈት ነገር የለም። ሆርሞኑ እስኪቀንስ፣ የጠጣኸውም ፈሳሽ እስኪጣራ ጊዜ ይፈጃል። አንተ የመጀመሪያውን ሽንት ይዘህ በምትቀመጥበት ሰዓት ኩላሊትህ ፍጥነቱን እየጨመረ ነው። ስትሸና ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ደርሷል፣ በየሃያ ደቂቃው የምትመላለሰውም ለዚያ ነው። ያኔ ብትሸናም ባትሸናም የሚመጣው ያው ነው። መያዝህ የሚያተርፍልህ ፊኛህን ከልኩ በላይ መለጠጥ ብቻ ነው። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው፣ ሰልፍ አለው፣ ቆሻሻ ነው፣ ይገባኛል። ቢሆንም ሲወጥርህ ሂድ።

«ቢራ ኩላሊት ያጥባል» የሚለውንም እዚሁ እንጨርሰው። ብዙ መሽናት መታጠብ አይደለም። ነጭ ሆኖ እንደ ውሃ የሚወርደው ሽንት ሰውነትህ ሊያስቀረው የሚገባውን ውሃ ነው የያዘው። በማግስቱ አፍህ የሚደርቀውና ራስህን የሚወጋህ አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ኩላሊትህ የሚፈልገው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ አልኮል ሳይጨመርበት ይገኛል። ይህን ለጓደኞችህም ንገራቸው፤ በዚህ ወሬ የኩላሊት ሕመሙን በቢራ ሲያስታምም ቆይቶ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው አይቻለሁና እውነቱን ለመናገር ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አእምሮ። ፊኛ ሲሞላ ግድግዳው ላይ ያሉት ነርቮች በአከርካሪ በኩል ወደ አንጎል ያስታውቃሉ። የፊተኛው የአንጎላችን ክፍል ደግሞ «ቆይ፣ እዚህ አይሆንም» እያለ ፊኛውን ያስታግሠዋል። አልኮል ቀድሞ የሚያደነዝዘው ይህንኑ ክፍል ነው። ሞቅ ሲለን የማንናገረውን የምንናገረው፣ አጥር ሥር ለመሽናትም የማናፍረው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ ስትተኛ ነገሩ ይብሳል። የጠጣ ሰው እንቅልፍ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይ ከባድ ነው፣ ሽንት የሚመረተውም በብዛት በዚያው ሰዓት ነው። ክረምት ላይ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ ደፍርሰው ጣናን ሲሞሉት ዓባይ በሚወጣበት በኩል በር መክፈትና መዝጋት አለ። ያን በር የሚጠብቀው ሰው ውሃው በሚበዛበት ሌሊት ድብን ብሎ ቢተኛ ምን ይሆናል? በአንተም የሆነው ይኸው ነው። በሩ አልተሰበረም፣ ጠባቂው ነው የተኛው። ይህን አስረዝሜ የጻፍኩት እንድትሸማቀቅ አልፈልግም ብዬ ነው። ዕድሜህ 34 ሆኖ፣ ሳትጠጣ ምንም ሳይሆንህ፣ ጠጥተህ ብቻ ሁለት ጊዜ ከሆነብህ ፊኛህ የመበላሸቱ ዕድል ትንሽ ነው።

የመጠጡ ዓይነት ለውጥ ያመጣል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ቢራና ጠላ በብዛታቸው ይሞሉሃል። አረቄ በመጠን ትንሽ ነው፣ ግን አንድ ሁለት መለኪያው አእምሮን ቶሎ ያደነዝዛል። ጠጅ ጣፋጭ ስለሆነ ብርሌው መቼ እንዳለቀ አይታወቅም። ጠላ ደግሞ ከቤት ቤት ይለያያል፤ አንዱ ቤት ቀጭን፣ ሌላው ቤት ድፍድፉ የከበደ ነው፣ ስለዚህ በጣሳ ቆጥረህ ልኬን አውቃለሁ ማለት አይሠራም። ለአልጋው ጉዳይ ከሁሉም የከፋው ቢራ ጠጥቶ መጨረሻ ላይ አረቄ መጨመር ነው። የመጀመሪያው ፊኛውን ይሞላል፣ ሁለተኛው ጠባቂውን ያስተኛል።

ጫቱስ? ይህን ደብቀህ ብታልፈው ኖሮ መልሴ ግማሽ ይሆን ነበር፣ ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የፊኛውን አንገት ያጠብቀዋል። ስትቅም ሽንትህ ቶሎ እንደማይመጣ፣ ሲመጣም ቀጥኖ እንደሚቆራረጥ አስተውለህ ይሆናል። እስከ ምሽት ተቀምጠህ ውሃውን፣ ለስላሳውን፣ ቡናውን ትጠጣለህ፣ የምትሸናው ግን ትንሽ ነው። ፊኛህ ሙሉ በሙሉ ሳይራገፍ ይመሻል። ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ትገባለህ፤ ቢራው ሲደራረብ ሰውነትህ ይላላል፣ እንቅልፍ አጥቶ የዋለው አእምሮህም በአንዴ ይወድቃል። እስቲ ተረጋግተህ አስታውስ፦ አልጋ ላይ የሸናህባቸው ሁለቱ ሌሊቶች ጨብሲ የነበረባቸው ናቸው? እኔ እንደሚመስለኝ አዎ ነው መልሱ።

በተቃራኒው ደግሞ ሽንት አልወጣ የሚልበት ጊዜ አለ፣ ያ ከማምለጡ የበለጠ ያስፈራኛል። አንድ ሰኞ ጠዋት አንድ አባት በባጃጅ መጡ። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ጎብጠው ነው የሚራመዱት። ልጃቸው «አባቴ ከትናንት ጀምሮ ሽንት እያመለጠው ነው፣ ልብሱ ሁሉ ራሰ» አለኝ። ሆዳቸውን ስነካው ከእምብርታቸው ሥር እንደ ቅል ድቡልቡል ያለ ጠጣር ነገር አለ። ፊኛቸው ነው። ካቴተር፣ ሽንት የሚያወጣውን ቀጭን ቱቦ፣ ስናስገባ 1 ሊትር ከ300 ሚሊ ሊትር ወጣ። መጀመሪያ ግንባራቸው ላይ ያለው ላብ ነው የቆመው፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው «እፎይ፣ ተመስገን» አሉ። እሑድ ሠርግ ላይ ነበሩ። ከቀትር ጀምሮ ጠላ፣ ማታ ላይ አረቄ፣ ከዳሱ መሃል ተነሥቶ መውጣቱን እንደ ነውር ቆጥረውት ይዘው ቆዩ። ፕሮስቴታቸው፣ ወንዶች ከፊኛ ሥር ያላቸው ዕጢ፣ አድጎ ነበር፣ ግን አላወቁም። ያመለጣቸው ሽንት ፊኛው ከመሙላቱ የተነሣ የሚንጠባጠብ ትርፍ ነበር። ስለዚህ ልብስ ስለራሰ ብቻ ፊኛ ባዶ ነው አትበሉ፤ በተለይ አባት ያላችሁ።

አንድ ሌላ ነገርም እዚሁ ልጨምር። የሞላ ፊኛ ሆድ ላይ በሚያርፍ ምት ሊፈነዳ ይችላል። ጠጥቶ የወደቀ ወይም ከባጃጅ የተገለበጠ ሰው ከእምብርቱ በታች ከባድ ሕመም ከተሰማው፣ ሽንትም እንቢ ካለው ወይም ደም ከመጣ፣ «ስካሩ እስኪለቀው ይተኛ» ተብሎ አይተውም። ያኔውኑ ሆስፒታል ነው።

ወደ ቢልሃርዝያ ጥያቄህ እንመለስ። መፍራትህ ትክክል ነው፣ ጣና ዙሪያ በሽታው አለ። ነገር ግን እዚህ ያለው ማንሶኒ የሚባለው ዝርያ ነው፣ የሚያጠቃውም አንጀትንና ጉበትን ነው። ፊኛን የሚያጠቃው ሄማቶቢየም የሚባለው ሲሆን በአገራችን የሚታወቀው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ነው። ሰገራህን ብታስመረምር እደግፍሃለሁ፣ ጉበትን ስለሚነካ ለሚጠጣ ሰው መታከሙ ይበልጥ ይጠቅማል። አልጋ ላይ የሸናኸው ግን በሱ አይደለም። ባለቤትህ የምትለው ብርድም እንዲሁ። ሲበርደን ሽንት ይበዛል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጤነኛ አዋቂን አልጋ ላይ አያሸናም። ደግሞ «ብርድ» በምንለው ስም ስንት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የአባላዘር በሽታ ተደብቆ እንደሚቆይ አያለሁ። ስትሸና ካቃጠለህ ወይም ፈሳሽ ካለው ብርድ አትበለው፣ ላቦራቶሪ ሂድ።

መጠጡን ብቻ አትከስ የምልባቸው ሁኔታዎች አሉ። ሳትጠጣም ካመለጠህ፣ ቀን ላይም ውሃ ጥሙ ካላባራና እየከሳህ ከሆነ ስኳር ይታይ። ጠዋት ስትነሣ ምላስህ ተነክሶ፣ ሰውነትህ ተቀጥቅጦ፣ አልጋው ርሶ ካገኘኸው የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጠጥተው በሚያቆሙ ሰዎች ላይ ይህ ይከሰታል። ስታንኮራፋ ትንፋሽህ የሚቆራረጥ ከሆነ ባለቤትህን ጠይቃት፣ እሱም የሌሊት ሽንት ያበዛል፣ አልኮል ሲጨመርበት ይብሳል። ለዓመታት በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ደግሞ እግሩ መደንዘዝና ማቃጠል ከጀመረው የነርቭ ጉዳት መጥቷል ማለት ነው፣ የፊኛው ነርቭም ሊነካ ይችላል። ለደም ግፊት የሚሰጡ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች የምትወስድ ከሆነም ለሐኪምህ ንገረው። ራስህ ግን አታቋርጥ።

ይህን የምታነቡ ሴቶች ከወሊድ በኋላ ስታስሉ ወይም ስትስቁ ጠብ የሚልባችሁ ከሆነ፣ መጠጡ ያባብሰዋል እንጂ መነሻው የማኅፀን አካባቢ ጡንቻ መላላት ነው። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ጠበቅ አድርጎ አምስት ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር ሲሠራ ብዙዎችን ይረዳል። ለአንተ ግን ይህን አላዝዝልህም። ድብን ያለ እንቅልፍ ውስጥ ጡንቻ ማጠንከር ብቻውን አያድንም።

ኪኒን ጠይቀሃል። የለህም። ቫሶፕሬሲንን የሚተካ መድኃኒት አለ፣ ዴስሞፕሬሲን ይባላል። በላዩ ላይ ብዙ ፈሳሽ ከጠጣህ ግን በደምህ ያለው ሶዲየም ወርዶ እስከ መንቀጥቀጥና ራስ መሳት ያደርስሃል። ሁለት ሊትር ቢራ ለሚጠጣ ሰው እሱን ማዘዝ አደጋ ነው። ፊኛን የሚያለዝቡት እነ ኦክሲቡቲኒን ደግሞ ሽንት ሊያስቀሩ ይችላሉ፤ ጫት በሚቅም ሰው ላይ ችግሩ ይደረባል። ጓደኛህ የሰጠህን የእንቅልፍ ወይም የማረጋጊያ ኪኒን ከመጠጥ ጋር በፍጹም አትውሰድ፣ ትንፋሽ ያቆማል። ውሃ መቀነስም መፍትሔ አይደለም። በባሕር ዳር ሙቀት ውሃ ስትቀንስ ሽንትህ ይወፍራል፣ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይበልጥ ያስቆጣዋል።

የምመክርህ ይህን ነው። ለአራት ሳምንት መጠጡንም ጫቱንም ሙሉ በሙሉ አቁም። «ልቀንስ» አትበለኝ፣ አቁም። መቀነስ ምክንያቱን አያሳየንም፣ ማቆም ያሳየናል። ከጓደኞችህ ጋር ሐይቁ ዳር መውጣቱን አትተው፣ ዓሣውን ብላ፣ ቅሪቦ ወይም ብርዝ ካለ ጠጣ። በነዚህ ሳምንታት ውስጥ ሦስት ቀን ምረጥና ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ አናቱን ቆርጠህ፣ በየ100 ሚሊ ሊትሩ በእስክሪብቶ አስምርበት። ስትሸና በሱ ለካ፣ ሰዓቱንና መጠኑን ደብተር ላይ ጻፍ፣ የጠጣኸውንም ጎን ለጎን። ይህ ወረቀት ለሐኪም ከአንድ ሰዓት ወሬ ይበልጥበታል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት። ከጻፍከው በላይ የምትጠጣ ከሆነ፣ በየቀኑ ከሆነ፣ ወይም ጠዋት እጅህ እየተንቀጠቀጠ መጠጥ ሲገባልህ የሚረጋጋ ከሆነ፣ ከላይ ያልኩትን አታድርግ። በድንገት ማቆም በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ ሞትም ሊያመጣ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ሆስፒታል ሄደህ በሐኪም ክትትል ነው የምታቆመው። እዚህ ላይ እውነቱን ለራስህ ተናገር።

አራቱ ሳምንት ደረቅ ሆኖ ካለፈ ምክንያቱን አገኘነው፣ ምንም ምርመራ ላያስፈልግህ ይችላል። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ባትመለስበት እመርጣለሁ። ከተመለስክ ግን ከሁለት ቢራ አትለፍ፣ ምግብ በልተህ ጠጣ፣ በመሃል ውሃ አድርግ። የመጨረሻውን ከመተኛትህ ሦስት አራት ሰዓት በፊት ጨርስ። ጫት በቃምክበት ቀን አትጠጣ። ልትተኛ ስትል ሽና፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይተህ ደግመህ ሞክር፣ የቀረው ይወጣል። ስልክህን ከሦስት ሰዓት በኋላ እንዲጠራ መሙላት ፍራሹን ሊያተርፍልህ ይችላል፣ ግን በሱ ተማምነህ ስድስተኛውን ቢራ አትክፈት።

ሳትጠጣም አንዴ እንኳ ከደገመህ፣ ወይም ደም፣ ማቃጠል፣ ቀጭንና የሚቆራረጥ ሽንት ከመጣ፣ ሳምንታቱ እስኪያልቁ አትጠብቅ። ደብተርህን ይዘህ ሂድና የሽንት ምርመራ፣ የስኳር ምርመራ፣ ከሸናህ በኋላ ፊኛህ ውስጥ የሚቀረውን የሚያሳይ አልትራሳውንድ እንዲታዘዝልህ ጠይቅ። ሦስቱም እዚሁ ባሕር ዳር ይሠራሉ፣ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግህም። ባለቤትህን ይዘሃት ሂድ። ሌሊት ምን እንደሚሆን ያየችው እሷ ናት፣ ብርድ እንዳልሆነም ከሐኪሙ አፍ ብትሰማው ይሻላል።